ጉጉፍቱ ሁለቴ

ሐምሌ ነው ስሄድ፤
ከኮምቦልቻ ሙቀት በስስ ሸሚዝ ወጥቼ፣
የመፍቻ ሣጥኔን በጉልበቴ አቅፌ፣ ጋቢናውን ሞልቼ።
ደሴን ካለፍን ወዲያ ጉም መንገዱን ዋጠው፤
ሾፌሩም በጆሮው ጠጠሩን አዳመጠው።
«ይኼውልህ ጉጉፍቱ» አለኝ፤ እኔ ምንም አላየሁ፤
ከቆርቆሮ ጫፍና ከአንድ አህያ ጆሮ በቀር አልለየሁ።

ሥራዬ ከላይ ነው፣ ከኮረብታው አናት፤
የስልክ ማማ አለ፣ ነፋስ የሚያፏጭበት።
በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ባትሪ ልጠይቅ፣ ቡሎን ላጠብቅ
እመጣለሁ እኔ፣ «ደህና ዋልክ ወይ» የሚል ድምፅ እንዲዘልቅ።

ጦይባ አልጋ አከራየችኝ፤ አልጋው እንኳ ሰበብ ነው፣
የከፈልሁትስ ለባናዋ ነው፤
ጥቁር የበግ ጠጉር፣ እንደ ዕዳ የሚጫን።
«ሽታውን አንተ ቻል» አለች፣ «ብርዱን እሱ ይችላል።»

በሦስተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ ሰማይ፤
መጀመሪያ አንድ... ጣ! ከቆርቆሮው ጣሪያ፤
ከዚያማ ቆጠራ ቀረ፤ የሰው አፍ ብቻ ይላወሳል፣ ያለ መስሚያ።

ሲያባራ ወጣን።
ኮረብታው የለም። አረንጓዴ የለም።
እስከ ቁርጭምጭሚት ነጭ፤ ቆላ ላደገ ዓይኔ
ታይቶም አያውቅ በሕልም።

የይማም ልጅ ሙሔ፣ በቁመቱ የተሰነጠቀ ቢጫ ጀሪካኑን
እየጎተተ ወጣ ሽቅብ፣ በአንድ እጁ እየጠረገ ንፍጡን፤
ከማማው ሥር ሲደርስ ተቀመጠበት፣ እግሩን አጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
ተለቀቀ!
ኧረ ጉድ! ቁልቁል፣ እንደ ተፈታ ጥጃ፣
ኮረብታውን በቂጡ ሰንጥቆ፣ እስከ መስጊዱ ደረጃ።

መምህር ጋሻነው፣ ደሴ ቴሌቪዥን ያየው፣
«በሰው አገር ለዚህ ትኬት ይቆረጣል፣ ሆቴል ይያዛል» ሲለን፣
ጦይባ፦ «ለመንሸራተትማ ብር ከከፈሉ፣
የሐምሌ ጭቃችንን ለምን አይገዙን፣ ምነው ዝም አሉ?»

ተራዬ ደረሰ። ሠላሳ አራት ዓመቴ፣
ያን ዕለት ግን ሰባት፤ ጉልበቴ ካገጬ፣ በረዶ ከፊቴ፤
ሳቄን ከሆዴ ነቅሎ ወሰደው ቁልቁለቱ፤
ጥርሴም ኪሴም በረዶ፤ «ደግሞ ልውጣ» አልኩኝ ሳልነሣ ከመሬቱ።

ከካቡ ባሻገር አንድ ሰው ቆሟል፣ ካፖርቱን ደርቦ።
ይማም ነው። የበልግ ገብሱ፣ ሳምንት ለአጨዳ የቀረው፣
ተነጥፏል፤ ከበረዶው ሥር ተለንቅጦ።
አየሁት።
አይቼው ሽቅብ ወጣሁ፤ እውነቱ ይኼ ነው።


ተመለስኩ በታኅሣሥ፤ ሰማዩ ታጥቧል።
ጉጉፍቱን ያየኋት አሁን ነው፤ ከነካቦቿ፣
ቁር ጉንጫቸውን ካቀላው ልጆቿ።
ቀን ፀሐይ ትቆነጥጣለች፤ ጥላው ሥር ግን ብርድ ተቀምጧል፤
ሌሊት ውርጭ ይመጣል ሳያንኳኳ፤ ደጅ ያደረ ውኃ ይጨብጣል።
የሐምሌው ነጭ ጯሂ ነው፤ የታኅሣሡ ነጭ ሌባ፤
ጓሳው ሁሉ በአንድ ሌሊት ሸብቶ አደረ፣ ሳያገባ።

ጀሪካኑን ፈለግሁ፤ ጓሮ አገኘሁት፣
አፈር ሞልተውት፣ ነጭ ሽንኩርት በቅሎበት።
ሙሔን ፈለግሁ፤ ወፍጮ ቤት ነው፣ የሰው ዱቄት ይሰፍራል፤
ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ ነጭ፤ በሩቅ «እንዴት ነህ!» ይለኛል።

ማታ ይማም መጣ። ከበሩ ሥር ተቀመጠ።
«ያን ቀን...» አልሁት፤ «ገብስህ ተኝቶ... እኔ ስስቅ...»
ቃሌ መሃል ላይ ተቆረጠ።

«አየሁህ» አለኝ። «የስድስት ወር ቀለብ ነበር።
ባየው ባየው አይነሣ። ኋላ የሙሔን ሳቅ ሰማሁ፤
ገብሱን ላድነው አልችል፤ ሳቁን ልየው ብዬ ዞርሁ።
አንተንም አየሁ፤ ብቻ አንተ» አለ፣ ዓይኑ እየሳቀ፣
«ወደ ግራ ታጋድላለህ።»

ማማው ላይ ቀዩ መብራት ብልጭ... ድርግም...
ከኪሱ ጭብጥ ቆሎ አወጣ፣ ከካቡ ጥግ የተረፈ፣
ግማሹን በእጄ አራገፈ።
ቆረጠምነው ዝም ብለን፤
በጥርሳችን መሃል የሐምሌ ጣሪያ ጮኸልን።